ሩር ያልተመታበት ገና

ጎረቤቴ ልጁን የሚወድ ሰው ነው፤ እጁ ግን ለምንም አይሆንም። ባለፈው ታኅሣሥ ትምህርት ቤቱ ለባህል ቀን የገና ዱላ ይዛችሁ ኑ ብሏቸው ኖሮ፣ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን የወይራ ቅርንጫፍ በጋዝ ምድጃ ላይ እያገላበጠ ሊያጎብጥ ሲታገል ደረስኩ። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሚስቱ መስኮት እየከፈተች ትቆጣለች፣ ልጁ ይስቃል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሳት የነካው እርጥብ ወይራ ሽታው ከሌላ እንጨት ጋር አይምታታም፤ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል።

ልጁ የቤት ሥራም ነበረበት። የታወቁ ስፖርቶች እንዴት እንደተጀመሩ ጻፉ ተብለው፣ የእግር ኳሱንና የቅርጫት ኳሱን ከስልክ ላይ አግኝቷል፤ የገናውን ነው ያጣው። እናቱ ወደ እኔ እያመለከተች፣ እትዬ ዓለምነሽ የመንዝ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን ጠይቃቸው አለችው። እርግጥ ነው አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ የያዝኩት ነገር ነው። ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጁ ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም።

መንደራችን ከቀየት በላይ፣ ወደ ጓሳ የሣር ሜዳ ሲወጣ ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው ከአያቴ ከአባባ ዘነበ ቤት ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ተካም አብሮን ይኖር ነበር። አባባ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ብቻ በወጣትነታቸው ሩር መቷት ወደ ጎን ጠማለች። ያችን ጣት እንደ ሜዳሊያ ነበር የሚያሳዩዋት። ሩር የምንለው ከወይራ ጉጥ ተጠርቦ የሚድቦለቦለውን የገና ኳስ ነው። በወይራ የተድቦለቦለ ነገር ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

በእኛ አገር ሩሩ ከመመታቱ በፊት አመጣጡ ይነገራል። ሩሩ ሜዳው መሀል ይቀመጣል፤ የላይ ቤቶችና የታች ቤቶች ጎረምሶች ዱላቸውን ተመርኩዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከዚያ አባባ ጨዋታው ከየት እንደመጣ ከሥሩ ጀምረው ያወራሉ። እሳቸው ሳይጨርሱ ሩር አይነካም። ከቆሙበት መነቃነቅም ነውር ነው፤ አመጣጡን አቋርጦ የሄደ ሰው ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ ያደሩትን እረኞች ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን የሚከለከል ነገር የለም። ሹም ይሰደባል፣ ባለጸጋ ይዘፈንበታል፣ ቄሱ ሳይቀሩ ቅልጥማቸውን ይመታሉ፤ ማንም አይቀየምም።

ሩር ሳይመታ በቀረበት ዓመት፣ በኅዳር፣ መምህር ሀብቴ የሚባል ቀጭን ወጣት ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ በዚያ ላይ ከመንደሩ ሴቶች የገዛውን የበግ ጠጉር ባና ደርቦ፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከሻንጣው ውስጥ ኳስና መንፊያ ይዞ ነበር። ወንዶቹ ገና የሚባል ነገር እንዳለም ረሱ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ውርጩ ሲጠና፣ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ያስቀምጠንና የስፖርቶችን አጀማመር ያወራልናል። እኔ ማታ እራት ሳይቀርብ ሁሉንም ለአባባ እደግማለሁ። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ማራቶን የተጀመረው አንድ የግሪክ መልእክተኛ የድል ዜና ይዞ ሮጦ፣ ከተማው ገብቶ፣ አሸነፍን ብሎ ስለሞተ ነው ስላቸው፣ በመንገዱ ላይ አንድ ቅል ውሃ የሚሰጥ ሰው አልነበረም ወይ ብለው ተቆጡ። ቅርጫት ኳስን አንድ አስተማሪ የፍራፍሬ ቅርጫት ግድግዳ ላይ ቸንክሮ እንደጀመረው ስነግራቸው፣ ባለቅርጫቷ ሴት ዝም አለች ማለት ነው ብለው እናቴን አሳቋት። እኔ ደግሞ ፍሬውን የት አፈሰሱት የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። የእግር ኳሱን ስነግራቸው ግን አልቀለዱም። በእንግሊዝ አገር ድሮ መንደር ከመንደር እየተጋጠመ፣ በበዓል ቀን፣ ዳር ድንበር በሌለው ሜዳ ሲራገጥ ይውል ነበር ብሎናል መምህሩ። አባባ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆዩና፣ እነሱም እንደኛ ናቸዋ አሉ።

ከዚያ ይህን ሁሉ ለመምህሩ ማን ነገረው ብለው ጠየቁኝ። ተጽፏል አልኳቸው። የእኛስ አሉ። በነጋታው መምህሩን ጠየቅሁት፤ የገና አመጣጥ እሱ ባየው መጽሐፍ ውስጥ እንደሌለ፣ ግን መኖር እንዳለበት ነገረኝ። ይህንን ስነግራቸው የአባባ ፊት የሆነውን ሳስበው ዛሬም አዝናለሁ። የግሪኩ ሯጭና የፍራፍሬው ቅርጫት ተጽፈው የቤተልሔም እረኞች ሳይጻፉ መቅረታቸው የግል ውርደት ሆነባቸው።

በዚያው ሰሞን ተካ ከቤት ጠፋ። እናቴ ጓሳ ሣር ሊያጭድ ሄዷል አለችኝ፤ ለቤት ክዳን። ተካ ከላይ ቤቶች ሁሉ የተሻለ ገና ተጫዋች ነው፤ ቀልደኛ፣ ሯጭ፣ ሰው ሳያስቅ ውሎ የማያድር ልጅ። ሌሎቹም ጎረምሶች አንድ በአንድ ለሣር ሄዱ። እናቶቻቸው በሶና ቆሎ ይልኩላቸዋል። አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው እየመጡ ልጆቹ የት ሄዱ ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ጓሳ ያለ ጊዜው ገብቶ ማጨድ ትልቅ ነውር መሆኑን ከአባባ ሰምቼ ስለነበር፣ አጎቴ የሚፈለገው በሣር ሌብነት መሰለኝ። ብሔራዊ ውትድርና የሚለውን ቃል ብሰማም ከሣር ጋር የተያያዘ ቅጣት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ተካ የሰረቀውን ሣር ቢመልስ ይምሩት ነበር እያልኩ አዝን ነበር።

ታኅሣሥ ሲጋመስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አበራ መምህሩን አስከትሎ ቤታችን መጣ። አበራ አባባ ክርስትና ያነሡት ልጅ ነው፤ ገና ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ከአብዮቱ ወዲህ ግን ቤታችን አዘውትሮ አይመጣም ነበር። ጠላ ቀረበለት። የገና አመጣጥ እንዲጻፍ መምህሩ የላከው ማመልከቻ አውራጃ ደርሶ፣ አንድ ጓድ በገና ዕለት ቴፕ ይዞ መጥቶ አመጣጡን ከአባባ አፍ ሊቀዳ መሆኑን ሊቀመንበሩ አበሰረ። በሬዲዮ ሳይቀር ሊሰማ ይችላል አለ። መምህሩ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል፤ እሱ ከልቡ ነበር። ሊቀመንበሩ ሊወጣ ሲል፣ እንግዳው ፊት ሜዳው ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲገኙ እርስዎ ያስጠሩልን፣ እርስዎን ነው የሚሰሙት ብሎ አደራ አለ።

እናቴ እሱ እንደወጣ ጋኑን እየከደነች፣ "ለምንድን ነው ሁሉም ይገኙ የሚለው?" አለች።

"ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው" አሉ አባባ። "ደግሞስ በጌታ ልደት ቀን ሰው የሚይዝ ማን አለ?"

እናቴ ለአባቷ አትመልስም፤ ያኔ እንዲያ ነበር። አሁን በእሷ ዕድሜ ሆኜ ሳስበው፣ ምነው ያን ቀን አንዴ እንኳ ነውር ሠርታ ቢሆን እላለሁ።

አባባ በቅሎ ተውሰው እኔን ከኋላ አፈናጠጡኝና ጓሳ ወጣን። ለምን እንደወሰዱኝ እንጃ፤ ምናልባት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ስለማይጠረጠር ይሆናል። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ሣሩ በበቅሎዋ ሆድ ቁመት ነው፣ ነፋሱ ሲያስተኛው ብርማ ይሆናል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች እዚህም እዚያም ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አየሩ ከመቅጠኑ የተነሣ አፍንጫዬ ይነድደኛል። አባባ ሁለቴ አፏጩ። ተካ እዚያው አጠገባችን፣ ምንም ከሌለበት ከሣሩ መሀል ብድግ አለ። ጢሙ አድጓል፣ ባናው ጭቃ ጠግቧል። ማጭድ አልያዘም፤ የታጨደ ነገርም የለም።

"ሣሩ የታል?" አልኩት።

ገና እያበቀልነው ነው አለኝና አንሥቶ አዞረኝ።

አባባ ነገሩን ሁሉ አወሩለት። ቴፑን፣ ሬዲዮውን፣ ግሪኩን፣ እንግሊዞቹን፤ የአበራን ስም ሲጠሩ የተካ ፊት ጠቆረ። ሌሎቹም ልጆች ከየሣሩ ብቅ ብቅ እያሉ መጥተው ዙሪያችንን ተቀመጡ። አንዱ ወጥመድ ቢሆንስ አለ። አባባ በልደት ቀን ማንም እንደማይደፍር ነገሩት፤ እሳቸው ባሉበት ሜዳ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ከዚያ ያቺን ጠማማ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ወደ መሬት አዩ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ለምነው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ተካ አያቸው።

"እኔ አበራን አላምነውም" አለ። "እርስዎ ካሉ ግን እመጣለሁ።"

እሱ እመጣለሁ ሲል ሌሎቹም ተነሡ። በየዓመቱ እሱ በቆመበት ነው የሚቆሙት።

ከዚያ እስከ ገና ያሉት ቀናት የልጅነቴ የመጨረሻ ደስ የሚሉ ቀናት ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። አባባ ከቆላ ያስመጡትን ወይራ በትኩስ አመድ እየቀበሩ፣ ጉልበታቸው ላይ እያጎበጡ፣ በጠፍር እያሰሩ ዱላ ያሰናዳሉ። እኔ ኩበት አቀርባለሁ። እየሠሩ አመጣጡን ይለማመዱታል። ለቴፕ ስለሆነ አሮጌውን አነጋገር አስፋፍተው፣ ከቅዱሳን መጻሕፍት የሰሙትን እየጨመሩ፣ የሄሮድስን ነገር፣ የቤተልሔምን ብርድ፣ የበጎቹን ቀለም ሳይቀር አገቡበት። እኔ ቤተልሔም ከጓሳ ማዶ ይመስለኝ ስለነበር እረኞቹን በባና ተጠቅልለው ነበር የማያቸው። በጎቹም የእኛው ጥቋቁሮች ነበሩ።

የገና ዕለት ቅዳሴ ወጣ፤ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ሣሩ ላይ ያደረው አመዳይ ገና አልለቀቀም። ልጆቹ ከጓሳ ወርደው ነበር፤ እናቶቻቸው እያቀፉ ይስማሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ከአውራጃ የመጣው ጓድ ሰማያዊ ካኪ የለበሰ፣ ፈገግታ የሚያበዛ ሰው ነው። ቴፑን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ። ቀይ መብራት በራ። አባባ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከሩሩ አጠገብ ቆሙና ጀመሩ።

ቄሳር የሚባል ንጉሥ ነበረ አሉ። ሰው ሁሉ ወደየትውልድ ስፍራው ሄዶ ይመዝገብ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ይመዝገብ ሲሉ ከቆሙት ልጆች አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባባ አላዩም። የድንግልን መንገድ አወሩ፣ የአህያዋን ድካም አወሩ፣ ማደሪያ መታጣቱን አወሩ። ድምፃቸው እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ይሰማል።

እኔ ከእናቴ ጋር ከፍ ካለው ቋጥኝ ላይ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ኋላ ሰዎች አንድ በአንድ ሲወጡ አየሁ። ከታችም ከወንዙ ሌሎች ወጡ። አመጣጡን ሊሰሙ የመጡ መስለውኝ ደስ አለኝ፤ አባባ ይህን ያህል ሰው መጥቶላቸው አያውቅማ። የእናቴ እጅ ክንዴን ሲጨብጠኝ ብርድ ይዟት ነው አልኩ። ጠመንጃውን ያየሁት ቆይቼ ነው።

ተካም አይቷቸዋል። በእሱ በኩል፣ በገደሉ ጥግ፣ ገና ሰው ያልደረሰበት ክፍተት ነበር፤ እዚያ ለመድረስ እሱን የመሰለ ሯጭ ብዙ አይፈጅበትም። ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ክፍተቱን አየ። ከዚያ አባቱን አየ። አባባ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ እረኞቹ ዘንድ ደርሰው ነበር፤ ሌሊቱን፣ ብርዱን፣ እሳቱን፣ መንጋውን በየተራ እያነሡ። ብርሃን መጣ፣ እረኞቹም እጅግ ፈሩ አሉ። ተካ አልሮጠም። ሌሎቹም እሱን አይተው ቆሙ። አመጣጡ ሳያልቅ ከሜዳ የሚወጣ የላይ ቤት ልጅ አልተወለደም።

የሚቆጨኝ ይኼ ነው። አባባ በሌላው ዓመት እንደሚያደርጉት አውርተው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሰዓት ሩሩ ተመትቶ፣ ልጆቹ በሜዳው ሙሉ ተበትነው፣ ማንም ማንንም የማይዝበት ሩጫ ላይ ይሆኑ ነበር። ለቴፕ ብለው ነው ያስረዘሙት። ቴፑ ደግሞ ካሴት እንዳልነበረበት በኋላ መምህሩ እያለቀሰ ለእናቴ ነግሯታል።

አባባ ዐይናቸውን የገለጡት አንዲት ሴት ስትጮህ ነው። ያኔ የአብዮት ጠባቂዎቹ ክብ ተዘግቶ ነበር። የአውራጃው ጓድ ቴፑን ዘግቶ ባንገቱ አንጠለጠለው። ልጆቹን ዱላቸውን እያስጣሉ ለየብቻ አስቀመጧቸው። ሩሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። አባባ አበራን ፈልገው አገኙት፤ ፊቱን አዩት።

"ኮታ ነው አባባ" አለ አበራ ወደ ሌላ እያየ። "ካልሞላ እኔን ነው የሚወስዱኝ።"

ልጆቹን ከተማ ወስደው ከአንድ የእህል መጋዘን አስገቧቸው። በነጋታው እናቴ በሶ በቅቤ አሽታ፣ ቆሎ ቆልታ ሰጠችን፤ እሷ መሄድ አልቻለችም። እኔና አባባ ሄድን። በቅሎ አልተዋሱም። መንገዱን ሙሉ በእግራችን ሄድን። ከቤት ስንወጣ ሣሩ እንዳልተሰረቀ ገብቶኝ ነበር።

መጋዘኑ በሽቦ ታጥሯል። ጠባቂው ስንቁን ተቀብሎ፣ ለሽማግሌው አዝኖ መሰለኝ፣ ተካን እስከ ሽቦው ድረስ እንዲመጣ ፈቀደለት። ጭንቅላቱን ላጭተውታል። ተላጭቶ ሳየው ጆሮዎቹ ትልልቅ ስለሆኑብኝ ሣቅሁ፤ እሱም ጆሮዎቹን ይዞ አነቃነቃቸው። ከኋላው ሌሎቹ የእኛ ሰፈር ልጆች ተጠጉ። አባባ ሽቦውን ይዘው ቆመዋል። ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፤ ይቅር በለኝ ሊሉ እንደሆነ ተካ ገብቶታል መሰለኝ፣ ቀደማቸው።

"አባባ" አለ፤ "አመጣጡን እኮ አልጨረሱልንም።"

አባባ ቀና ብለው አዩት።

"እረኞቹ ብርሃኑን አይተው ፈርተው ነበር። እዚያ ላይ ነው የተውን። ይጨርሱልንና እንሂድ።"

ከኋላ ያሉት ልጆችም አዎን፣ ይጨርሱልን አሉ። እንደ ሜዳው ቆሙ፤ ዱላ ስለሌላቸው እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው አንዳንዱ ሽቦውን ያዘ። ግቢው ውስጥ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ጠባቂው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ሁሉ የጨማመሩትን፣ የመላእክቱን ዝማሬ፣ የሰብአ ሰገልን ግመሎች፣ ሁሉንም የሚያወሩ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"ደስ አላቸው" አሉ። "አንደኛው በበትሩ ድንጋይ መታ። ሁለተኛው መለሰለት። ገና ይኸው ነው።"

ልጆቹ ሌላ ነገር ይኖራል ብለው ጠበቁ። አልነበረም። ተካ እንደ ልማዱ ሣቀ፤ ክፉ አስቦ አልነበረም፣ ሊያስቃቸው ነው።

"ይህን ያህል አጭር ነው እንዴ አባባ?"

"አጭር ነበር ልጄ" አሉ አባባ። "እኔ ነኝ ያስረዘምኩት።"